ጧሪና ነርስ፦ መርሳት የያዛቸው አረጋውያን እንክብካቤ ታሪክ ከጫንጮ ሲታይ



በዛሬው ንግግሬ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን በአገራችን ማን ሲንከባከባቸው እንደኖረ፣ የነርስ ሙያስ ወደዚህ ሥራ ለምን ዘግይቶ እንደመጣ ለማሳየት እሞክራለሁ። መመልከቻ አድርጌ የያዝኋት ከተማ ጫንጮ ናት። ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ እንጦጦንና ሱሉልታን አልፎ ወደ ፍቼና ወደ ጎጃም በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። የመረጥኋት የገጠሩ ቤተሰብና የዋና ከተማው ኑሮ ፊት ለፊት ከሚገናኙባቸው ስፍራዎች አንዷ በመሆኗ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በአገራችን የሚረሱ አረጋውያን ያለ እንክብካቤ የኖሩበት ዘመን የለም፤ ያልነበረው ለሥራው የተሰጠ ሙያዊ ስም፣ ሥልጠናና ድጋፍ ነው። «ባህላችን አረጋዊን ይጦራል» ስንል እውነት እንናገራለን፤ ነገር ግን ባህል እጅ የለውም። ሌሊት የሚነሣ፣ ልብስ የሚቀይር፣ የሚያጎርስ ሰው አለ። የዚህ ሰው ታሪክ ሳይጻፍ በመቅረቱ ሙያችንም ሥራውን የራሱ አድርጎ ሳያየው ቆይቷል።

ከቃሉ ልጀምር። አማርኛ ሽምግልናን ለዕድሜም ለተግባርም ይጠቀምበታል፤ ሽምግልና እርጅና ነው፣ ሽምግልና ደግሞ የተጣላን ማስታረቅ ነው። በጫንጮና በአካባቢዋ በሚነገረው በአፋን ኦሮሞም ጃርሳ ሽማግሌው ሲሆን ጃርሱማ የማስታረቁ ተግባር ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች እንዲህ መስማማታቸው የሚያመለክተው ነገር አለ። የመሬት መዝገብና የጽሑፍ ውል በሌለበት ዘመን ድንበሩ የት እንደነበር፣ ማን ከማን እንደሚወለድ፣ የቆየው ጠብ በምን ቃል እንደታረቀ የሚታወቀው በአረጋውያን ትውስታ ነበር። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ማስታወስ ሲያቅታቸው ጉዳቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ማኅበረሰቡ ምስክሩን ያጣል፣ እርሳቸውም በሰው መካከል የነበራቸውን ስፍራ ያጣሉ።

ለዚህ ጉዳት አማርኛ የሰጠው ቃል «ጃጀ» የሚል ነው። ቃሉ ዕድሜን እንጂ ሕመምን አይናገርም። «ጃጅተዋል» ከተባለ በኋላ መንስኤው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። «የመርሳት በሽታ» የሚለው አጠራር በአንጻሩ ለመርሳቱ መንስኤ እንዳለው ያስባል፤ ምርመራን፣ ከዚያም እንክብካቤን ይጋብዛል። አረጋዊውን ከነቀፌታ ያወጣቸዋል፤ ተንከባካቢዋም የምትሸከመው ነገር ስም እንዲኖረው ያደርጋል።

ሁለተኛው ቃል መጦር ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ልጅ ለወላጁ ያለበትን ግዴታ በአጭሩ ያስቀምጣል። መንግሥት ለሠራተኛው እርጅና የሚከፍለውን አበል «ጡረታ» ብሎ ሲሰይም የወሰደው ይህንኑ ቃል ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኞችን፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ይመለከት ነበር። የሱሉልታና የጫንጮ ገበሬ፣ ከብት አርቢና የጓሮ ነጋዴ ግን ጧሪያቸው ልጃቸው ሆኖ ቀረ። ምርቃቱ ልጅ ይበል እንጂ በቤት ውስጥ ሥራው በአብዛኛው የሚያርፈው በሴት ልጅ፣ በምራትና በሴት የልጅ ልጅ ላይ ነው። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመላው ዓለም የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች መሆናቸውን ይገልጻል።

የአእምሮን በእርጅና መድከም በግልጽ ካነሡት የአገራችን ዘመናዊ ሰነዶች አንዱ የሕግ ሰነድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 339 ላይ የድርጊቱን ውጤት መረዳት የማይችልን ሰው ሲተረጉም፣ ከአእምሮ ሕመም ጎን እርጅናንም እንደ መንስኤ ይጠቅሳል። ይኸው ሕግ በቤተ ዘመድ መካከል ቀለብ የመስጠትን ግዴታም ደንግጓል። ሕጉ የጠየቀው «ይህ ሰው መዋዋል ይችላልን? ቀለቡንስ ማን ይቻል?» የሚል ነው። «ማን ያጥበው? ማን ያጎርሰው? ሲደነግጥ ማን ያረጋጋው?» የሚለው ጥያቄ የሕግ ሳይሆን የነርስ ጥያቄ ነው።

የነርስ ሙያ በዚያ ወቅት የት ነበር? ዘመናዊው ሕክምና በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሥር ሰዷል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ፤ ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ በ1942 ለቀምት ውስጥ በወጣትነታቸው ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ነርስ መሆናቸው ለሙያው ክብር ሰጥቶታል። በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የነርስ ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ፤ በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የእነዚህ ተቋማት ዒላማ ግልጽ ነበር፤ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የእናቶችና የሕፃናት ሞት። ብዙ ሕፃናት አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ በሚሞቱበት አገር ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ውጤቱ ግን የነርስ ትምህርት ሕመምን «ይድናል ወይም ይገድላል» ብሎ የሚያይ መሆኑ ነው። የመርሳት ሕመም ከሁለቱም ወገን አይመደብም፤ ለዓመታት አብሮ ይኖራል።

የአእምሮ ሕክምናውም ሌላ መንገድ ሄደ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ሲጀመር፣ ሙያው ከአዲስ አበባ ውጭ ወዳሉ ሆስፒታሎች መዳረስ ቻለ። ይህ በነርሲንግ ታሪካችን ውስጥ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ዝም ብለው የሚረሱ አያት ወደ አማኑኤል አይወሰዱም ነበር፤ ቤተሰቡ ሥፍራውን የሚያውቀው የእብደት መታከሚያ አድርጎ ነውና። ከጫንጮ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው እንጦጦን ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ከሐኪም በፊት የሚደርሰው ከጸበሉ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመጀመሪያ 16 ጥቅሎችም ያተኮሩት በቤተሰብ ጤና፣ በበሽታ መከላከልና በንጽሕና ላይ ነበር፤ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችና የአእምሮ ጤና የታከሉት በኋላ ነው።

ሌላው ዓለም ቀድሞን ሄዷል እንዳንል ታሪኩን እንመልከት። አሎይስ አልዛይመር አውጉስተ ዴተር የተባለችውን የ51 ዓመት ሴት ፍራንክፈርት ውስጥ የመረመሩት እ.ኤ.አ. በ1901 ነበር፤ ግኝታቸውን በ1906 አቀረቡ፣ ኤሚል ክሬፔሊን በ1910 ሕመሙን በስማቸው ጠሩት። አዲሱ ስም ግን አረጋውያኑን ከአልጋ አላስነሣም። ለንደን ውስጥ ሐኪሟ ማርጆሪ ዋረን በ1935 የድሆች መጠለያ ሕሙማንን ስትረከብ፣ «የማይድኑ» ተብለው የተጋደሙ ብዙ ሰዎች በተገቢ ምርመራና እንቅስቃሴ ሊሻላቸው እንደሚችል አሳየች። በ1962 ደግሞ ነርሷ ዶሪን ኖርተን በአረጋውያን ክፍሎች ያካሄደችውን ምርምር አሳተመች፤ የመኝታ ቁስል ሥጋትን የሚለካው የኖርተን መመዘኛ ከዚያ የተገኘ ነው። ቶም ኪትውድ በ1997 መጽሐፉ ሰውየው ከሕመሙ እንደሚቀድም ተከራከረ። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የአረጋውያን እንክብካቤ የተለወጠው አዲስ መድኃኒት ስለተገኘ ሳይሆን፣ «ጃጅቷል» ተብሎ የተተወውን ሰው እንደገና የሚመረምሩ ባለሙያዎች ስለተነሡ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ጫንጮ እንመለስ። በዋና ከተማው ዙሪያ የግጦሽና የእርሻ መሬት ወደ መኖሪያ፣ ወደ ፋብሪካና ወደ መጋዘን እየተለወጠ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ልጆች በቀን ሥራ፣ በትምህርትና በንግድ ከቤት ይወጣሉ፤ ቀን ቀን ቤት የሚውለው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ቀድሞ መንገድ የሳቱ ሽማግሌን ጎረቤት ያውቃቸውና ይመልሳቸው ነበር። ዛሬ የሚወጡበት መንገድ ወደ ደርባና ወደ ሙገር የሲሚንቶ ጭነት የሚመላለስበት ነው፤ የአዲሱ ሰፈር ነዋሪም አያውቃቸውም። በደጋው ብርድ ምክንያት ሌሊትም የሚነድ እሳት አለ፤ እሳቱን እንደለኮሱ የሚረሱ እናት ቤቱን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። የይዞታው ባለ መብት ብዙ ጊዜ አረጋዊው ናቸው። ካሣ ሲከፈል ወይም ይዞታ ሲተላለፍ ጣታቸውን የሚያሳርፉት እርሳቸው ናቸው። ያንን የ1952ቱን የሕግ ጥያቄ ዛሬ ሕያው ያደረገው ይህ ነው። ነርስ በችሎታቸው ላይ አትፈርድም፤ ያ የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። ነገር ግን የአረጋዊው ማስታወስ ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ በጥንቃቄ የጻፈች ነርስ፣ ሌላ ማንም ያልጻፈውን ማስረጃ ትታ ታልፋለች።

ታዲያ ሙያችን ከየት ይጀምር? በመጀመሪያ፣ «ጃጅተዋል» የሚለውን ቃል እንደ ምርመራ ውጤት አትቀበሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ መደናገር ብዙ ጊዜ ዴሊሪየም ነው፤ ከኋላው የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊኖር ይችላል። ድብርት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የዓይን ሞራና የመስማት ችግርም መርሳትን ሊመስሉ ወይም ሊያባብሱ ይችላሉ። እነዚህ የሚታከሙ ናቸው።

ሁለተኛ፣ መለኪያችሁን መርምሩ። ማንበብና የወረቀት ስሌት የሚጠይቅ ፈተና ትምህርት ቤት ያልገቡትን ገበሬ ያለ በሽታቸው ሕመምተኛ ያደርጋቸዋል። 10/66 የተባለው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቋቋም ስሙን የወሰደው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሕሙማን በታዳጊ አገሮች እየኖሩ ከምርምሩ ግን 10 በመቶው እንኳ እነርሱን ባለመመልከቱ ነው፤ ቡድኑ የትምህርት ደረጃ የማያዛባቸውን መለኪያዎች አዳብሯል። የገበያ ቀን፣ የበዓል ቀን፣ የመኸር ወቅት፣ የልጆች ስም በጫንጮ ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው።

ሦስተኛ፣ ቋንቋቸውን ስሙ። ሕመሙ ሲጠና በኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይደክማል። ዕድሜያቸውን በገበያ አማርኛ ሲናገሩ የኖሩ አያት ወደ አፋን ኦሮሞ ብቻ ቢመለሱ ማበዳቸው አይደለም። ቋንቋቸውን የማትናገር ነርስ አስተርጓሚ ትፈልግ፤ ዝምታቸውን የሕመሙ ደረጃ አድርጋ አትመዝግብ።

አራተኛ፣ ተንከባካቢዋንም እንደ ታካሚ ቁጠሯት። እንዴት እንደተኛች፣ ማን እንደሚተካት፣ መቼ ከቤት እንደወጣች ጠይቋት። አረጋዊው የተሳሳተ ነገር ሲናገሩ ከመከራከር ማረጋጋት እንደሚሻል፣ ምግብና መኝታ በተወሰነ ሰዓት ቢሆን ፍርሃታቸው እንደሚቀንስ፣ ጎናቸውን ማገላበጥ ቁስልን እንደሚከላከል አሳዩአት። ከምታውቀውም ተማሩ፤ የትኛው ዜማ እንደሚያረጋጋቸው የምታውቀው እርስዋ ናት።

ባለፉት ዓመታት መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት ደጋፊ ያጡ አረጋውያንን ከጎዳና እያነሡ መጠለያ ሰጥተዋል፤ ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። አብዛኛው አረጋዊ ግን የሚኖረውም የሚሞተውም በቤቱ ነው። የነርስ ሙያ ይህን ታሪክ የሚቀላቀለው ደጃፉን አንኳኩታ ስትገባ ነው። ስትገባም ሥራውን የምትጀምረው እርስዋ አይደለችም፤ ከእርስዋ በፊት ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ሰው በቤቱ ውስጥ አለ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ አስቀድማችሁ ለዚያ ሰው ሰላምታ ስጡ፤ ከዚያም ካርዱን አውጡና የምትነግራችሁን ጻፉ።