ከልዑካን ጉባኤ ወደ ሕዝብ ጉባኤ

ካርታ በወረቀትና በቀለም ከመሠራቱ በፊት በስምምነት ይሠራል። ወንዙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ፣ ተራራው ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ወሰኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሰዎች ካልተስማሙ በቀር፣ ቀያሹ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ሥራው የአንድ ሰው ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የካርታን ታሪክ ለመረዳት የሚሻ ሰው የመሣሪያዎቹን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የጉባኤዎቹንም ታሪክ መመርመር ይኖርበታል። በእነዚያ ጉባኤዎች ላይ ማን ተጠራ? ማንስ ሳይጠራ ቀረ? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1891 በስዊዘርላንድ፣ በበርን ከተማ በተካሄደው አምስተኛው ዓለም አቀፍ የጂኦግራፊ ጉባኤ ላይ አልብሬክት ፔንክ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ አንድ ታላቅ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡም መንግሥታት ሁሉ ተባብረው የምድርን ካርታ በ1፡1,000,000 ስኬል፣ ማለትም በካርታው ላይ አንድ ሚሊሜትር በመሬት ላይ አንድ ኪሎሜትርን እንዲወክል አድርገው፣ በአንድ ዓይነት ምልክትና ቀለም ያዘጋጁ የሚል ነበር። ሐሳቡ ቢወደድም ወደ ደንብ እስኪለወጥ ድረስ አያሌ ዓመታት አለፉ። በ1909 በለንደን፣ በ1913 ደግሞ በፓሪስ የመንግሥታት ልዑካን ተሰብስበው እያንዳንዱ የካርታ ቅጠል 4 ዲግሪ ኬክሮስና 6 ዲግሪ ኬንትሮስ እንዲሸፍን፣ ኬንትሮስም ከግሪንዊች እንዲቆጠር፣ የቦታ ስሞችም በላቲን ፊደል እንዲጻፉ ወሰኑ።

ይሁን እንጂ ከፓሪሱ ስብሰባ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የነበሩት መንግሥታት ካርታን አንዱ በሌላው ላይ የሚዘምትበት መሣሪያ አደረጉት። ሥራው ከጦርነቱ በኋላ ቢቀጥልም እርምጃው አዝጋሚ ነበር። በ1953 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኃላፊነቱን ተረከበ፤ በ1980ዎቹ ዓመታት ግን የዓለም ካርታው ሳይጠናቀቅ ክትትሉ ቆመ።

የዚህ ድካም ውጤት ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። የጋራ ስኬልና የጋራ ምልክት አስፈላጊ መሆኑን ዓለም የተማረው ከዚህ ነው። ነገር ግን በስብሰባው አዳራሽ የተቀመጡት የመንግሥታት መልእክተኞች ነበሩ። የአብዛኛው አፍሪካ ምድር በቅኝ ገዥዎች እጅ ስለነበረ ስለ ወንዙና ስለ ተራራው የሚናገረው ባለአገሩ ሳይሆን ገዥው ነበር። ባለአገሩ የሚያውቀው ስም ወደ ካርታው የገባው በመንገድ መሪነት ወይም በአስተርጓሚነት በተጠየቀ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ስም ቢሆን በባዕድ ጆሮ ተሰምቶ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ነበር።

ተራው ሰው ካርታ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየ ሌላ ሙከራ በ1930ዎቹ ዓመታት በብሪታንያ ተካሂዷል። ዳድሊ ስታምፕ የተባለው የጂኦግራፊ መምህር የአገሪቱን የመሬት አጠቃቀም ለመመዝገብ በተነሣ ጊዜ የረዱት በአመዛኙ ተማሪዎችና መምህሮቻቸው ነበሩ። ልጆቹ ካርታ ይዘው ሰፈራቸውን እየዞሩ የትኛው እርሻ፣ የትኛው ግጦሽ፣ የትኛው ደን እንደሆነ እየለዩ ጻፉ። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው መረጃ ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለምግብ ምርት ዕቅድ ጠቅሟል። ሆኖም ልጆቹ የሚሰበስቡ እንጂ የሚወስኑ አልነበሩም።

መሰብሰብንና መወሰንን በአንድ እጅ ለማድረግ የተቻለው ብዙ ቆይቶ ነው። በግንቦት ወር 2000 የአሜሪካ መንግሥት በጂፒኤስ ሳተላይቶች ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት አነሣ። በዚህም ምክንያት በኪስ የሚያዝ ተራ መሣሪያ የቆሙበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ማመልከት ቻለ። በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት፣ የአገሩ የካርታ መረጃ ያለ ክፍያ የማይገኝ መሆኑን በመቃወም፣ ማንም ሰው የሚጽፍበትና ማንም ሰው በነጻ የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ጀመረ፤ ስሙንም ኦፕንስትሪትማፕ አለው። በ2007 የዚህ ሥራ ተሳታፊዎች የመጀመሪያውን ዓመታዊ ጉባኤያቸውን በማንቸስተር ከተማ አካሄዱ። ወደዚህ ጉባኤ የመጡት የመንግሥት ደብዳቤ ይዘው ሳይሆን በየሰፈራቸው ባደረጉት ሥራ ነበር።

የአሠራሩ ፍሬ በሁለት ቦታዎች ታየ። በ2009 በናይሮቢ ከተማ፣ ብዙ ሕዝብ በሚኖርባትና በካርታ ላይ ግን ባዶ ሆና ትታይ በነበረችው በኪቤራ፣ የመንደሯ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው የውሃ ቦታውን፣ መጸዳጃውን፣ ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን መዘገቡ። በጥር ወር 2010 ደግሞ ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶግራፍ እያዩ የፖርቶፕሪንስን መንገዶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነድፈው ለዕርዳታ ሠራተኞች አቀረቡ። በሄይቲ ፍጥነት ታየ፤ በኪቤራ ግን ከፍጥነት የሚበልጥ ነገር ታየ፤ ካርታውን የሠራው በካርታው ውስጥ የሚኖረው ሰው ነበርና።

የ2020 ጉባኤ በኬፕታውን እንዲካሄድ ታስቦ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ግን ሐምሌ 4 እና 5 በኢንተርኔት እንዲሆን ተወሰነ፤ ተሳትፎውም ያለ ክፍያ ሆነ። ከበርን ጉባኤ 129 ዓመት በኋላ የቪዛ፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ የማይጠይቅ፣ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ የተከፈተ የካርታ ጉባኤ ተጠራ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ስሙን አስመዝግቦ ቀኑን ይጠባበቅ ነበር።

ዳሩ ግን ሰኔ 29 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ። ብዙ ሕይወት የጠፋበት ሁከት ተከተለ፤ በማግስቱም በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የተመለሰውም ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ነበር። በዚያ የሐዘን ሰሞን አንድ ጉባኤ አመለጠኝ ብሎ መጸጸት የሚገባ አልነበረም፤ እኔም አልተጸጸትኩም። ኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ ለሙያችን የሚነግረው ቁም ነገር እንዳለ ተገነዘብሁ። ለዓለም ሁሉ በተከፈተው በር ኢትዮጵያ ውስጥ የነበርነው ሳንገባ ቀረን። በ1913 ልዑክ ያልነበረው ሕዝብ ከአዳራሹ ውጭ ቀረ፤ በ2020 ደግሞ መስመር ያልነበረው ውጭ ቀረ። ነጻ የሚለው ቃል ክፍያን ያስቀራል እንጂ ርቀትን ሁሉ አያስቀርም።

ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። ንግግሮቹ ተቀርጸው ለሁሉም ስለተለቀቁ፣ መስመሩ በተመለሰ ጊዜ አንድ በአንድ ተመለከትኋቸው። በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ 2021 ጉባኤው በድጋሚ በኢንተርኔት ሲካሄድ ከቤቴ ሆኜ ተከታተልሁ። በ2024 ደግሞ ጉባኤው በናይሮቢ ተካሄደ፤ ኪቤራ ያለችባት ከተማ አስተናጋጅ ሆነች።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለእኛ ቅርብ ነው። ሳተላይት ጣራውን ያያል፣ ስሙን ግን አያይም። በ2024 በፒያሳ ዙሪያ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከቤቶቹ ጋር ሰዎች አቅጣጫ ይጠቋቆሙባቸው የነበሩ የሰፈር ስሞችም ወደ መረሳት ተቃርበዋል። እነዚህን ስሞች በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ፊደል ለመመዝገብ ዛሬ የፓሪስን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ነጻው ካርታ ለአንድ ቦታ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ ስሞችን ይቀበላልና። የሚያስፈልገው ስሙን የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህ ደግሞ ቀያሽ በመስክ ማጣሪያ ጊዜ ሲያደርገው የኖረ የቆየ ሥራችን ነው። በጉባኤው ለመገኘት መስመሩን እንጠብቅ ይሆናል፤ ወደ ሰፈሩ ወጥቶ ለመጠየቅ ግን የሚጠበቅ መስመር የለም።