ሽጉጥ ለግራኝ ተኳሽ

ግራኝ ተኳሽ ሽጉጥ ሲመርጥ ዋናው መመዘኛ የቁልፎቹ አቀማመጥ ነው። አብዛኞቹ ሽጉጦች ለቀኝ እጅ የተሠሩ ናቸው። በመጀመሪያው ኮልት ኤም1911 ላይ የካዝና መልቀቂያውም ሆነ የደኅንነት ቁልፉ በግራ ጎን ስለሚገኙ ለቀኝ አውራ ጣት ይመቻሉ፤ ግራኙ ግን የካዝና መልቀቂያውን በሌባ ወይም በመሃል ጣቱ ለመጫን ይገደዳል።

በኋላ የወጡ ሥሪቶች ችግሩን አቃለውታል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው አራተኛው ትውልድ ግሎክ የካዝና መልቀቂያውን ወደ ቀኝ ጎን ማዛወር ያስችላል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የመጣው አምስተኛው ትውልድ ደግሞ የተንሸራታቹን ማቆሚያ በሁለቱም ጎን አድርጓል። በሄክለር ኡንድ ኮኽ ዩኤስፒ ላይ የካዝና መልቀቂያው ከምላጭ ከለላው ሥር ስለሆነ በየትኛውም እጅ ይሠራል።

ሪቮልቨር ካዝናም ሆነ፣ በአብዛኛው፣ የደኅንነት ቁልፍ የለውም። ይሁንና ጥይት የሚጎርሰው ከበሮ ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ ስለሚከፈት ጥይት መሙላቱ ለግራኙ ላይመች ይችላል። የቻርተር አርምስ ሥሪት የሆነው ሳውዝፖው ግን ከበሮው ወደ ቀኝ ይከፈታል።

የወገብ ማኅደሩም ለግራ ጎን የተሰፋ መሆን አለበት። መያዣው ከእጅ ጋር መስማማቱና ጣት ምላጩ ላይ በቀላሉ መድረሱ የሚፈተሸው ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።