አቋራጩ አገር፦ ከብቸና እስከ ሞጣ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በዳንግላ ዞሮ ይሄዳል። ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ በብቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ሾፌሮች ሁለተኛውን የሚመርጡት ስለሚያጥር ነው። ተሳፋሪውም ከዚህ የተለየ ስም አልሰጠውም፤ አቋራጭ ይለዋል፣ ግማሹንም እንቅልፍ ወስዶት ያልፈዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በጎጃም ውስጥ ታሪክ እንዲህ ጥቅጥቅ ብሎ የተቀመጠበት ሌላ መንገድ የለም።

የአገሩ አቀማመጥ ብዙ ነገር ያስረዳል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን እንደ ክንድ አቅፎ ይዞራል። በምዕራብ በኩል ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጮቄ ተራራ ቆሟል፤ ብዙዎቹ የአካባቢው ወንዞች የሚነሡት ከእሱ ነው። በተራራውና በዓባይ ገደል መካከል የተዘረጋው ደጋ ሜዳ ነው፣ አፈሩም ጥቁር መረሬ። ይህ አፈር በሐምሌ እግር ይውጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ለጤፍ ግን የሚወዳደረው ጥቂት ነው። የእነማይ ገበሬ፣ ማለት የብቸና ዙሪያ ሰው፣ ማሳውን አራትና አምስት ጊዜ አርሶ፣ ከብት ነድቶ አስረግጦ ይዘራዋል። በኅዳር በዚህ ያለፈ ሰው ያየው ነገር ቢኖር ወርቃማ ጤፍ ብቻ ነው።

እዚህ የተፈጸመውን ታሪክ ሁሉ የቀለበው ይህ ጤፍ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ሜዳው ያበላል፣ ገደሉ ይደብቃል። ደብርም፣ የቅኔ ጉባኤም፣ አርበኛም፣ ግብር አልከፍልም ያለ ገበሬም በእነዚህ በሁለቱ ኖረዋል።

ከብቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ ይገኛል። ትውፊቱ ገዳሙን ከአባ ተከስተ ብርሃን ጋር ያያይዘዋል። ስሙን በመላ ኢትዮጵያ ያዳረሰው ግን አንድ ልብ ወለድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፊታውራሪ መሸሻን ቤት፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን ያስቀመጡት ዲማ ላይ ነው፤ የማንኩሳው በዛብህም ወደዚያው ይመጣል። ደራሲው ቦታውን በወሬ የሚያውቁት አልነበረም፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ዲማን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቃት መሰለው።

ልብ ወለዱን ትተን ዲማን ዲማ ያደረገውን ትምህርት እንይ። ደበሎ የለበሰ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ያገኛትን ቁራሽ በልቶ ወደ ጎጆው ይመለሳል። መምህሩ የሚያስጀምሩት በሁለት ቤቷ አጭር ቅኔ በጉባኤ ቃና ነው። ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ከፍ ሲል መወድስ ላይ ይደርሳል። ቆጥሮ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ይህን ሁሉ ዓመት ተማሪውን የሚያበላው መንግሥት ወይም ደብሩ አልነበረም፤ ቁራሹን ከሌማቷ የምታነሣው የገበሬ ሚስት ነበረች። ለአገራችን የትምህርት ታሪክ ተገቢው ምስጋና ቢጻፍ የእሷ ስም ቀድሞ መግባት በተገባው ነበር።

ያው ሌማት አርበኛም አብልቷል። በላይ ዘለቀ ጣሊያን ሲገባ ጥቂት ሰው ይዞ የተነሣው ከዚሁ ከብቸና አውራጃ ነው፤ የፈረስ ስሙ አባ ኮስትር። በዓባይ ገደል ውስጥ እየገባና እየወጣ ተዋጋ፣ ሰፊ ግዛትም ያዘ። ለተከታዮቹ ማዕረግ የሚሰጠው ራሱ ነበር፤ እስከ ራስ ድረስ ሾሟል። ይህ ድፍረት በጦርነቱ ጊዜ አገር ያቆመ ቢሆንም፣ ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ ግን ከቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ጋር ሊስማማ አልቻለም። በላይ ደጃዝማች ተብሎ የብቸና ግዛት ተሰጠው። ከዚያ ቅሬታ መጣ፣ ቅሬታው ሸፈተ አሰኘው፣ በመጨረሻም በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ጠላት በአምስት ዓመት ያልያዘውን ሰው የራሱ መንግሥት ሰቀለው። የአካባቢው ሰው ይህን አልረሳም፤ ሃያ ዓመት ትንሽ አልፎ የመጣውን አመፅ ያለዚህ ቂም መረዳት ይከብዳል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከበፊቱ አስራት የተሻለ ፍትሐዊ ሕግ ነበር። የሞጣና የብቸና ገበሬ የሰማው ግን ሌላ ነው፤ ገማች መጥቶ ማሳዬን ሊለካ፣ ቀላድ ሊጥል፣ ርስቴን ሊወስድ ነው አለ። በጎጃም መሬት ከአባት ከእናት የሚወርድ፣ ዘር ቆጥሮ የሚገባበት ርስት ነበር፤ መለካት ማለት ባለቤትን መቀየር ነበር። ገማቾቹ ተባረሩ፤ ገበሬው ጠመንጃውን ወልውሎ ወጣ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። ያም ሆኖ ያሸነፈው ገበሬው ነው ማለት ይቻላል፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩ ቀረ፣ ውዝፉም ተማረ። ስለ የካቲት 66 አብዮት ብዙ ተጽፏል። ከዚያ ቀደም ብሎ ንጉሡን ያስገበረው የዚህ ገበሬ ታሪክ ግን በገብሩ ታረቀ ጥናትና በጥቂት ሌሎች ጽሑፎች ብቻ ተወስኖ ቀርቷል።

ደብረ ወርቅን አልፎ ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ለሚታጠፍ የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ትውፊት ወደ ነገሥታቱ ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስዳታል። የፈረሰው የድንጋይ ሕንፃ ግን የእቴጌ እሌኒ ነው። እሌኒ የሐድያ ልጅ፣ የነገሥታት አማካሪ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1509 ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩ ሴት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ፤ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ኢየሱሳውያን መልሰው ሊሠሩት ጀመሩ፣ በፋሲል ዘመን ግን ተባረሩ። ዛሬ የቀረውን ግድግዳ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው በድንጋዩ ላይ የተጠላለፈ ሐረግና ክብ ክብ አበባ ያገኛል፤ መርፌ እንጂ መሮ የነካው አይመስልም። እሌኒ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ የአንድ መስመር ሴት ናቸው። እዚህ ግን ሰፊ ግድግዳ አላቸው።

ሞጣ የገበያ ከተማ ናት። ሞጣ ጊዮርጊስ ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወለተ እስራኤል ስም ጋር ይነሣል፤ ጎንደር በጋብቻ ጎጃምን የያዘችበት ዘመን ማስታወሻ ነው። በከተማዋ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ነጋዴ ጎን ለጎን ኖሯል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች የተቃጠሉበት ቀን ግን የዚህ ታሪክ አካል ነው፣ ቅኝት የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይገባም።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ገደል ሲወረድ ሰባራ ድልድይ ይገኛል። በፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ ኖራው በእንቁላል ተለወሰ የሚለው ወሬ በፋሲል ድልድዮች ሁሉ ላይ የሚነገር ነው። ጎጃምንና በጌምድርን ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ አገናኘ። በጣሊያን ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገር ተብሎ መካከሉ እንዲፈርስ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ የአንዳቤትና የሞጣ ሰው በገመድ ተሻገረ፤ ከወዲህም ከወዲያም ጎረምሶች ቆመው ገመዱን ይይዛሉ፣ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በውኃው ላይ ይንጠለጠላል፣ ይጎትቱታል። ይህ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ በፎቶ ወጣ፤ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ አይቶት ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እኔን የሚቆጨኝ ለአገር መከላከያ ተብሎ የፈረሰ ድልድይ እንዲጠገን የባዕድ ሰው መጽሔት መግለጥ ማስፈለጉ ነው።

አገሩን ለማየት የሚመቸው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከዚያ በፊት ጭቃው መርጡለ ማርያም ይቅርና ዲማንም አያስደርስም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገዱ አንዱን ሳምንት ተከፍቶ ሌላውን ይዘጋል፤ ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ መናኸሪያ ጠይቆ ይነሣ።