ከሐኪሙ አንደበት እስከ ታካሚው መዝገብ

የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1918 መቶና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች መረመረ። ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟሉት 89 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከመስፈርቶቹ አንዱ ለእያንዳንዱ ታካሚ ትክክለኛና የተሟላ መዝገብ መያዝ ነበር። ይህ ግዴታ የሐኪሙን ቃል ሰምቶ በጽሑፍ የሚያሰፍር ሰው ፈለገ፤ ሥራውም በአብዛኛው በሴት ጸሐፊዎች ትከሻ ላይ ወደቀ።

መዝገቡን የሚጠብቁት ባለሙያዎች በ1928 ማኅበር አቋቋሙ። መዝገቡን የሚጽፉት ግን የራሳቸውን እስኪያገኙ ድረስ 50 ዓመት አለፈ። የአሜሪካ የሕክምና ትራንስክሪፕሽን ማኅበር የተመሠረተው በ1978 በካሊፎርኒያዋ ሞዴስቶ ከተማ ነው። ማኅበሩ ያስጀመረው የብቃት ማረጋገጫ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ነበረው። ተፈታኙ ስለ ሰውነት ክፍሎች፣ ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት ይጠየቅ፣ በድምፅ የተቀዳ የሐኪም ቃልም ሰምቶ ይጽፍ ነበር። ምስክር ወረቀቱን ለማደስ በየሦስት ዓመቱ 30 የትምህርት ነጥብ ማሟላት ነበረበት። በእኔ ግምት የማኅበሩ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ በጣት ፍጥነት ይመዘን የነበረውን ሰው በእውቀቱ እንዲመዘን አደረገ። በ2000 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ምደባም ሙያውን በ31-9094 መለያ ቁጥር ከጤና አገልግሎት ደጋፊ ሥራዎች ጋር አሰለፈው።

ሕጉ ግን ፈተናውን ግዴታ አላደረገም። በ2008 በአላባማ ግዛት አንዲት የስኳር ሕመምተኛ ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ ማዕከል ስትዛወር፣ 8 ዩኒት የነበረው ኢንሱሊኗ በመሸኛ ጽሑፏ ላይ 80 ተብሎ ሰፈረ። የጽሑፍ ሥራው በተቋራጭ በኩል ወደ ሕንድ ተልኮ ነበር። የተጻፈው መጠን ተሰጣት፤ ሞተች። ክሱን ያየው ጁሪ በ2012 የ140 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ።

ምስክር ወረቀት ያለው ሰው አይሳሳትም የሚል የታሪክ ማስረጃ የለም። የመድኃኒት መጠን የተማረ ጸሐፊ ግን የሚያጠራጥር ቁጥር ሲያጋጥመው ቦታውን ባዶ ትቶ ሐኪሙን እንዲጠይቅ ሠልጥኗል። ፈተናው ለፈቃደኞች ብቻ መተዉ፣ እኔ እንደማየው፣ የሆስፒታሎቹን ወጪ እንጂ የታካሚውን ደኅንነት ያስቀደመ ውሳኔ ነበር።