ከመቀነት እስከ ላስቲክ፤ በአገው ምድር ስለ ወገብ ማሰሪያ

የታሪክ ተማሪ ዘወትር የሚመለከተው ዘውድን፣ ጦርነትንና ውልን ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ሰው ሁሉ በየዕለቱ የሚያስረውንና የሚፈታውን ነገር፣ ይኸውም የወገብ ማሰሪያን ነው። ጥያቄያችንም፣ በዳንግላና በእንጅባራ ቤት ውስጥ በሚሰፋ ልብስ ላይ ላስቲክ ሲገባ የመቀነት ሥራ አብቅቷልን? የሚል ነው።

ባገራችን ቋንቋ ወገብን ማሰርም ለጦር መዘጋጀትም «መታጠቅ» ይባላል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም «አባ ታጠቅ» መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ወንዱ ድግ ሲታጠቅ፣ ሴቲቱ በቀሚሷ ላይ ከጥጥ ፈትል የተሸመነ ረጅም መቀነት ትጠመጥማለች። ሱሪም ወገቡ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋና በታጠፈው ጠርዝ ውስጥ ገመድ ሾልኮ ይሸበሸብ ነበር። ይህ ሁሉ ከእንዝርትና ከሸማኔ እጅ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ቢበጠስ በዚያው መንደር ይተካል።

ላስቲክ ግን የፋብሪካ ልጅ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃንኮክ ጎማን ለልብስ መለጠጫ ለማዋል የፈጠራ መብት ያገኘው በ1820 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ጎማ በሙቀት ይላላ፣ በብርድ ይደርቅ ነበርና፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር ከድኝ ጋር በማሞቅ ጉድለቱን አስወግዶ በ1844 እ.ኤ.አ. መብቱን አስከበረ። አይዛክ ሲንገርም የስፌት መኪናውን በ1851 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ።

ዳንግላ ለውጭው ዓለም እንግዳ አልነበረችም፤ የእንግሊዝ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀመጫቸው እዚያ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ የፋብሪካ ጨርቅ ከደጅ ደረሰ ማለት ነው።

የላስቲክ አሰፋፍ ከገመዱ አሠራር ብዙ አይርቅም። ጠርዙ ከላስቲኩ ጥቂት ሰፋ ብሎ ይታጠፍና አንዲት ክፍት ቦታ ትቶ ይሰፋል። ከወገቡ ልክ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያጠረው ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ይሾልካል፤ ሁለቱ ጫፎች ተደራርበው ከተሰፉ በኋላ ክፍቱ ይዘጋል። እንግዲህ እጥፋቱ የቀድሞው ነው፤ የተለወጠው በውስጡ የሚያልፈው ብቻ ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሕፃን ያለ እናቱ ርዳታ ልብሱን ያወልቃል፤ ነፍሰ ጡርም ወገቧ ሲሰፋ አትጨነቅም። ነገር ግን ላስቲክ በፀሐይና በዕድሜ ይላላል፤ ሲላላም ምትኩ በገንዘብ ከገበያ እንጂ ከእንዝርት አይገኝም። ገመድ የሚጠይቀው ጉልበትን ነበር፤ ላስቲክ የሚጠይቀው ሳንቲምን ነው። ለድኻ ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መቀነት ሦስት ሥራ አለው፤ ልብስ ይይዛል፣ ሸክም ለምታነሣ ሴት ወገቧን ይደግፋል፣ በጫፉም ገንዘብ ይቋጠርበታል። ላስቲክ የወሰደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱ አሮጌውን አባረረ ማለት ስሕተት መሆኑን እናምናለን። ጓደኞቻችንም በየአውራጃቸው የእናቶቻችንን የመቀነት አስተሳሰርና የሱሪ አሰፋፍ፣ የሚያውቁት ሳያልፉ፣ ጠይቀው ቢጽፉ ለታሪካችን ትልቅ አገልግሎት ነው።