መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት በጋና፦ ከባሕር ማዶ ምዕመናን መዋጮ እስከ መንግሥት ትምህርት ቤት

ጋና ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነጻ በወጣችበት በ1957 አንድ መስማት የተሳናቸው ጥቁር አሜሪካዊ ወደ ዋና ከተማዋ አክራ ገቡ። አንድሪው ፎስተር ይባላሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአፍሪካ የሠሩ አንዳንድ ሚስዮናውያን በአካባቢው መስማት የተሳናቸው ልጆች እንደሌሉ ነግረዋቸው ነበር። ልጆቹ ግን ነበሩ። ያልታዩት በየጓዳው ስለሚውሉ ነው። አንዳንዱ ወላጅ እንደ እርግማን ቆጥሮ ይደብቃቸው ነበር። ሌላው ደግሞ መማር ይችላሉ ብሎ ስለማያስብ ከእርሻና ከቤት ሥራ ውጭ አያሰማራቸውም ነበር። ይህ ለእኛ አገር አንባቢም እንግዳ ታሪክ አይደለም።

ፎስተር ሀብታም አልነበሩም፤ ከኋላቸው የቆመ መንግሥትም አልነበረም። ሥራውን ያንቀሳቀሰው በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የሚገኙ ምዕመናንና በጎ ፈቃደኞች በየጊዜው ያዋጡት ገንዘብ ነው። በዚህ መንገድ የተጀመረው ሥራ ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶችን በ13 የአፍሪካ አገሮች አፍርቷል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ የአጥቢያ መዋጮ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ የትስ ላይ እንደሚደክም ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ፎስተር በ1925 በአሜሪካ አላባማ ግዛት ከአንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። በ11 ዓመታቸው እሳቸውም ወንድማቸውም በማጅራት ገትር ታመው የመስማት ችሎታቸውን አጡ። የዘር መድልዎ በሕግ በጸናበት በዚያ ዘመን ጥቁርም መስማት የተሳነውም መኾን ሁለት በሮችን በአንድ ጊዜ ይዘጋ ነበር። ወደ ሰሜን ተሰደው በፋብሪካ እየሠሩ በተልእኮ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። በ1951 መስማት ለተሳናቸው በተቋቋመው በዋሽንግተኑ ጋሎዴት ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል አገኙ። በ1954 ሲመረቁም ከኮሌጁ የመጀመሪያ ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር ኾኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዲትሮይት ከተማ መስማት ለተሳናቸው አፍሪካውያን የሚሠራ የክርስቲያን ተልእኮ ማኅበር መሠረቱ።

አክራ ላይ የራሳቸው ሕንጻ አልነበራቸውም። ትምህርቱ የተጀመረው መደበኛዎቹ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ በተውሶ ክፍል ነው። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸውን ለማስገባት የሚሹ ወላጆች ከክፍሉ አቅም በላይ ኾኑ። በ1959 ትምህርት ቤቱ ከአክራ በስተሰሜን በሚገኘው የአኩዋፔም ተራራማ አካባቢ፣ ማምፖንግ በተባለች ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ኾኖ ተደራጀ። አዳሪ መኾኑ ግድ ነበር። መስማት የተሳነው ልጅ በአንድ መንደር አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ለአንድ ልጅ ብቻ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር በየመንደሩ መመደብ አይቻልም። በሌላ በኩል ልጁ ብቻውን ከቀረ ቋንቋ የሚለማመድበት ጓደኛ አይኖረውም። ከገጠር ለሚመጣ ልጅ ሁለቱን ችግሮች በአንድ ጊዜ የሚፈታው አዳሪው ነው።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው፤ የእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ዕድሜ የሚወሰነው በዚያ ነውና። ፎስተር ከዓመቱ ወራት ከፊሉን በአፍሪካ ትምህርት ቤት በመክፈትና መምህራን በማሠልጠን ያሳልፋሉ። ቀሪውን ደግሞ ከአጥቢያ አጥቢያ እየተዘዋወሩ፣ በአስተርጓሚ እየታገዙ ምዕመናንን ያነጋግራሉ። ከአንድ ትልቅ ለጋሽ ይልቅ ከብዙ ትናንሽ ጉባኤዎች የሚሰበሰብ ገንዘብ አንድ ጥቅም አለው፤ አንዱ ቢደክም ሌላው ይተካል። ጉዳቱ ደግሞ ሰብሳቢው ሰው ከሌለ ምንጩ ሊደርቅ መቻሉ ነው። ፎስተር በታኅሣሥ 1987 በሩዋንዳ በደረሰ የአነስተኛ አውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። የከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ግን አብረዋቸው አልጠፉም። ምክንያቱ መዋጮው ሳይኾን አሠራራቸው ነው ማለት ይቻላል። ፎስተር የአካባቢውን ሰዎች፣ በተለይም ራሳቸው መስማት የተሳናቸውን ወጣቶች፣ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን እንዲኾኑ ያሠለጥኑ ነበር። በናይጄሪያ ኢባዳን ከልዩ ልዩ አገሮች ለተውጣጡ መምህራን በየዓመቱ ሥልጠና ይሰጡ ነበር። የጋናው ትምህርት ቤትም ውሎ አድሮ ወደ መንግሥት የትምህርት ሥርዓት ገብቷል። ዛሬ የጋና የልዩ ፍላጎት መምህራን በዊኔባ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይሠለጥናሉ።

ምዕመናን በቀላሉ የሚያዋጡት ለሚታይ ነገር ነው። ሕንጻ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ አልጋና ፍራሽ ይቆጠራል። የመምህር ደመወዝ ግን አይታይም። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ዋናው መሣሪያ በምልክት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያስተምር መምህር ነው። የመስሚያ መሣሪያ ዕርዳታም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። ባትሪው በቶሎ ያልቃል፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ልጁ ባደገ ቁጥር መቀየር አለበት፤ የሚጠግነው ባለሙያም ያስፈልጋል። መለዋወጫ አጥቶ በወንዝ ዳር የቆመ የውኃ ፓምፕ ያየ አርሶ አደር ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አይሻም።

ከማምፖንግ ብዙም በማይርቅ ስፍራ አዳሞሮቤ የተባለ የገበሬዎች መንደር አለ። በዚህ መንደር በዘር የሚተላለፍ መስማት መሳን ለብዙ ትውልድ ስለኖረ፣ ነዋሪዎቹ የራሳቸውን የምልክት ቋንቋ አዳብረዋል። ቋንቋውን የሚያውቁት መስማት የተሳናቸው ብቻ አይደሉም፤ የሚሰሙት ጎረቤቶቻቸውም በእርሻውና በገበያው ይጠቀሙበታል። ይኹንና በመንደሩ ሕይወት ሁሉም እኩል ነበር ማለት አይደለም። በ1975 የመንደሩ አለቃ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ እንዳይጋቡ የሚከለክል ደንብ አውጥተዋል። የአዳሞሮቤ ልጆች ማምፖንግ ገብተው ሲማሩ የተማሩት በፎስተር በኩል ከአሜሪካ የመጣውንና በጋና መልክ የያዘውን የምልክት ቋንቋ ነው። ልጆቹ ማንበብና መጻፍ ቻሉ፤ ከሌላ ክፍለ አገር ከመጡ እኩዮቻቸውም ጋር ተግባቡ። የመንደሩ ቋንቋ ግን ወራሽ እያጣ ነው፤ የቋንቋ አጥኚዎች ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ይቆጥሩታል። ፎስተር ይህን አስበው አላደረጉትም። ለጋሾችም በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው አዳሞሮቤ የምትባል መንደር መኖሯን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ከሩቅ ኾኖ የሚረዳ ሰው እዚያው ያለውን ዕውቀት ሳይጠይቅ ከጀመረ የሚያጣው ምን እንደኾነ ግን ከዚህ መንደር ይታያል።

የጀርመናዊው ፓስተር ኤርንስት ክሪስቶፈል ታሪክ ደግሞ ሌላ ደካማ ጎን ያሳያል። ክሪስቶፈል በ1908 ዛሬ ቱርክ ውስጥ በምትገኘው በማላቲያ ከተማ ለዓይነ ስውራንና ለሌሎች አካል ጉዳተኞች ቤት ከፈቱ። ወጪውን የሸፈኑላቸው በትውልድ አገራቸው ያሉ ወዳጆቻቸው ነበሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከአገር ተባረሩ፤ ቤቱም አበቃለት። ተስፋ ሳይቆርጡ በ1920ዎቹ ወደ ፋርስ ተሻግረው በታብሪዝና በኢስፋሃን እንደገና ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ታሰሩ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢስፋሃን ተመልሰው በ1955 እዚያው አረፉ። በትውልድ አገሩና በሚሠራበት አገር መካከል ጦር ሲማዘዝ የበጎ ፈቃደኛው መንገድ ይዘጋል፤ መኝታና ምግብ ያጡት ግን ልጆቹ ናቸው።

በኢትዮጵያም መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈቱ ቀደምት ትምህርት ቤቶች ከእንዲህ ዓይነቱ የባሕር ማዶ ድጋፍ ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው። በአዲስ አበባ መካኒሳ የሚገኘውን ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ የጀመሩት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ናቸው። የአሜሪካ ምልክቶች በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ውስጥ የገቡት በዚህና መሰል መንገዶች ነው። ይኹንና ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን የጣት ፊደል አበጅተዋል። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ያመለክታል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች ይለያል። «ለ» እና «ሎ» አንድ የእጅ ቅርጽ ይዘው በእንቅስቃሴ ይለያያሉ ማለት ነው። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚደነግገውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች።

ፎስተርን መስማት የነሣቸው በሽታ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ በሚያልፈው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። በሽታው በደረቁ ወራት ይበረታል። ከሕመሙ የተረፈ ልጅ መስማቱ ሊቀንስ ወይም ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል። ቤተሰብ ግን ልጁ በሕይወት በመትረፉ ሲደሰት ይህን ሳያስተውል ወራት ያልፋሉ፤ ልጁ ሲጠሩት ባይመልስ ግትር ኾነ ተብሎ ይቀጣል። ስለዚህ ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ወይም ካገገመ ብዙም ሳይቆይ ጆሮው እንዲመረመር ወላጆች ባለሙያውን ሊጠይቁ ይገባል። በሽታው ከመያዙ በፊት አፍ የፈታ ልጅ ንግግሩን እንዳይረሳ በፍጥነት መደገፍ አለበት። ሲወለድ ጀምሮ የማይሰማ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድሜው እስኪደርስ ሳይጠበቅ ከምልክት ቋንቋ ጋር መተዋወቅ ይኖርበታል፤ ቋንቋ በቀላሉ የሚያዘው በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ነውና። በአቅራቢያ የልዩ ፍላጎት ክፍል ወይም የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደኾነ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። ምዝገባው ሳይጀመር፣ ክረምቱ ሳይወጣ ቢጠየቅ ይመረጣል፤ ልጁ ከዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ከኾነ ቤት መፈለጉም ስንቅ ማዘጋጀቱም ጊዜ ይወስዳል።