የነጻነት ማለዳ ሾርባ

ሄይቲ ነጻነቷን ያወጀችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነው። ስለዚህም በዚያች አገር የአዲስ ዓመትና የነጻነት በዓላት በአንድ ቀን ይውላሉ፤ በማለዳውም በባለጸጋውም ሆነ በድኻው ቤት የሚቀርበው ምግብ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሱፕ ዡሙ» የሚባለው የዱባ ሾርባ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥትን ይጠይቃል። የበሬ ሥጋው በሎሚ ታጥቦ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጦስኝና በቅርንፉድ ተለውሶ ያድራል። ዱባው ተቀቅሎ ከላመ በኋላ መረቁን ያወፍረዋል፤ ካሮት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመንና መኮሮኒ ይጨመርበታል። ቃሪያው የሚገባው እንዳለ፣ ሳይቆረጥ ነው፤ የፈነዳ እንደሆነ ድስቱን በሙሉ ያቃጥለዋልና ባለሙያዋ ዓይኗን ከላዩ አትነቅልም። ዱባው ኮሎምበስ ከመምጣቱ አስቀድሞ የካሪቢያን ነባር ሕዝቦች ሲያለሙት የኖሩት ተክል ነው። ከብቱንና ጎመኑን ያመጡት አውሮፓውያን ናቸው። ድስቱን ያማስሉ የነበሩት እጆች ግን ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተጋዙ ሰዎች እጆች ነበሩ።

ሄይቲያውያን እንደሚተርኩት፣ በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን ባሪያው ሾርባውን ለጌታው ያበስላል እንጂ አይቀምስም ነበር። ይህ ትረካ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የመጣ ነው። የባሪያው ቀለብ ግን በሕግ የተጻፈ ነበር። ሉዊ 14ኛ በ1685 ባወጣው «ኮድ ኗር» መሠረት ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ባሪያ በሳምንት የሚሰጠው የካሳቫ ዱቄት ወይም 3 የካሳቫ ቂጣ፣ ከዚህም ጋር 2 ፓውንድ የጨው ሥጋ ወይም 3 ፓውንድ ዓሣ ነበር። የመሐንዲስ ዓይን ቁጥርን ዝም ብሎ አያልፍምና፣ ሥጋው ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 140 ግራም ያህል ይሆናል። ያውም ከንጋት እስከ ምሽት ሸንኮራ ሲቆርጥ ለሚውል ሰው! ይህንኑም እንኳ ባለ እርሻዎቹ ብዙ ጊዜ አይሰጡም ነበር።

በኦገስት 1791 የተነሣው ዐመፅ በኖቬምበር 18 ቀን 1803 በቬርቲየር የናፖሊዮንን ጦር ድል በመንሣት ተፈጸመ። ዣን ዣክ ደሳሊን በጎናይቭ ከተማ ነጻነትን ባወጀበት ዕለት ሾርባው ለሕዝቡ ሁሉ እንዲታደል ያዘዙት ባለቤቱ ማሪ ክሌር ኧሩዝ ናቸው እየተባለ ይነገራል። የነጻነቱ ዋጋ ግን በደም ብቻ ተከፍሎ አላበቃም፤ ፈረንሳይ በ1825 የ150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ጫነችባቸው።

ዩኔስኮ ሱፕ ዡሙን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በዲሴምበር 2021 ነበር፤ ለሄይቲም የመጀመሪያዋ ነው። በዚያው ዓመት በጁላይ ፕሬዚዳንቷ ተገድለው፣ በኦገስትም ደቡቡ ክፍሏ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጃንዋሪ 1 ሲጠባ፣ ዱባ ያገኘ ጎረቤት ላላገኘው እየቀዳ ላከ።